ለግምት ቀን የምትፈታታው አይሱዙ

አንድ ሰው ነበረ። አንዲት አሮጌ አይሱዙ ነበረችው።

ስሙን ዘርጋው በሉት። የሚኖረው መቂ ነው፤ ሚስቱ አስካለ ትባላለች፤ ልጆችም አሏቸው። ሥራው ሽንኩርት ከማሳ እያነሳ አዲስ አበባ ማድረስ ነው። ቤቱ የሚበላው፣ ልጆቹ የሚማሩት፣ አስካለ ለእድር የምትከፍለው ሁሉ ከዚያች መኪና ነው። መኪናዋ ቆመች ማለት ቤቱ ቆመ ማለት ነው። ይህን ያዙልኝ።

ዘርጋው ሹፌር ከመሆኑ በፊት በያጅ ነበር። በያጅን ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ብረት አይቶ እጁ አያርፍም። መኪናዋን በገዛ በመንፈቁ ጀመራት። «ስፖንዳዋ አጠረኝ» አለና በጭነቱ ግራና ቀኝ ሌላ ብረት በብሎን አስሮ አንድ ክንድ ያህል ከፍ አደረገው። ስፖንዳው ከፍ ሲል ጭነቱ በዛ። ጭነቱ ሲበዛ ሸክሙን የሚያነጥረው ብረት፣ ባሌስትራው፣ ተኛ፤ ባሌስትራ ደረበላት። ባሌስትራው ሲበረታ ደግሞ ሻንሲው፣ መኪናዋን ከሥር የተሸከማት ዋናው ብረት፣ ልሰንጠቅ ልሰንጠቅ አለ፤ ለእሱም ወፍራም ላሜራ በየደለት። ነዳጅ ለመቅዳት ሰልፍ መቆም ሲሰለቸው ከጋቢናው ጀርባ ሁለተኛ ሳልባትዮ፣ የነዳጅ ማጠራቀሚያ፣ ቀጠለ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ያቺ ከፋብሪካ የወጣችው መኪና ሌላ መኪና ሆነች።

ዘርጋው ክፉ ሰው ነው? ኧረ በፍጹም! ጎበዝ ሰው ነው። እጁ ወርቅ ነው።

ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው? ችግሩ በዓመት አንድ ቀን የምትመጣው የግምት ቀን ናት። ዘርጋው መኪናዋን በገዛ በአምስተኛው ዓመት ሙሉ ኢንሹራንስ መግባት ጀመረ። ኢንሹራንሱ ከመታደሱ በፊት ደግሞ ገማቿ መጥተው፣ መኪናዋን ዞረው አይተው፣ ዋጋዋን ገምተው መፈረም አለባቸው። ገማቿ እትዬ እታፈራሁ ይባላሉ። ከተማዋ ትንሽ ናት፤ ገማቿም እሳቸው ብቻ ናቸው። ሹፌሮች ተሰብስበው ሲያወሩ ዘርጋው አንድ ነገር ሰምቷል። «ሊብሬህ ላይ የሌለ ነገር ካዩብህ አለቀልህ፣ አፍርስ ይሉሃል» ሲባል ሰምቷል። የተናገረው ሰው ግን ማን ነው? ማንን አፍርስ አሉት? አልጠየቀም። ፈራ፣ በቃ።

ስለዚህ ምን ያደርጋል መሰላችሁ? የግምት ቀን ሦስት ቀን ሲቀረው መኪናዋን ይፈታታታል። ከፍ ያለውን ስፖንዳ ያወርዳል። የደረበውን ባሌስትራ ያወጣል። ሳልባትዮውን አውርዶ ጓሮ በሸራ ይሸፍነዋል። ጎማ ከጓደኛው ከሞላልኝ ይዋሳል፤ እሳት ማጥፊያ ከሌላ ሹፌር ይዋሳል።

አትሳቁ! እዚህ የተቀመጣችሁ ባለመኪኖች፣ እናንተ አትሳቁ! ለቦሎ ቀን ጎማ ተውሶ የማያውቅ ካለ ይቁምና እንየው።

የማይፈታው የተበየደው ላሜራ ብቻ ነበር። እሱንም ግራሶና ጭቃ ይለቀልቅበታል።

አስካለ በረንዳ ላይ ቆማ ታያለች። «ምነው ዘርጋው፣ ይቺ መኪና ምን በደለችህ? በየዓመቱ ታራቁታታለህ እኮ!» ትለዋለች።

«ተይኝ አስካለ፣ ለወረቀት ነው» ይላታል።

እትዬ እታፈራሁ ይመጣሉ። መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ዝቅ አድርገው መኪናዋን ይዞሯታል። ከዚያ ሁልጊዜ የሚጠይቁትን ይጠይቃሉ፤ «ዘርጋው፣ የተቀየረ የተጨመረ ነገር አለ?»

«ምንም የለም እትዬ። ከፋብሪካ እንደወጣች ናት።»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! እሳቸው ጽፈው፣ ፈርመው፣ ደህና ዋሉ ብለው ይሄዳሉ። መንገዱን ሳያጋምሱ ዘርጋው ብሎኑን መልሶ ማሰር ይጀምራል። እንዲህ እያለ አራት ዓመት ሄደ።

በአምስተኛው ዓመት፣ ክረምቱ ሲገባ፣ አንድ ጠዋት ሽንኩርት ጭኖ ሲወጣ አስፋልቱ ረጥቦ ነበር። አንድ የአህያ ጋሪ ከጎን ድንገት ገባበት። ጋሪውን ላለመጨፍለቅ መሪውን ሰበረው፤ ከባዱ ጭነት ጎተታት፤ መኪናዋ ቦዩ ውስጥ በጎኗ ተኛች።

ዘርጋው በመስኮት ወጣ። ክንዱ ተላልጧል እንጂ ተርፏል። ጋሪ ነጂውም አህያውም ደህና ናቸው፤ ተመስገን። ሽንኩርቱ ግን ቦዩን ሞልቶታል። ዘርጋው ዞር ብሎ መኪናዋን ሲያይ ደነገጠ። ዘጠኝ ዓመት የሠራው፣ አራት ዓመት የደበቀው ሥሯ፣ መንገደኛ እያየው ወደ ውጭ ዞሯል። ዝናቡ ጭቃውን አጥቦ ብየዳው አንድ በአንድ ይታያል። ፈሳሽ ጭቃ አፍሶ ሊቀባበት እጁን ሲዘረጋ ሰው እያየው መሆኑን አስታውሶ ተወው።

ለኢንሹራንሱ ተደወለ። እትዬ እታፈራሁ ከሰዓት እንደሚደርሱ ተነገረው። ሞላልኝ ወሬውን ሰምቶ ሁለት ሰዎችና አንድ ካሳ መፍቻ ይዞ ደረሰ።

«ስማኝ ዘርጋው» አለው፣ «ስፖንዳውን እንፍታው፣ ሳልባትዮውን እናውርደው፣ ሥሯን ጭቃ እናልብሳት። ሁለት ሰዓት አይፈጅብንም። ማን ያውቃል?»

ዘርጋው መፍቻውን ተቀበለ። እናንተስ ብትሆኑ አትቀበሉም? ኢንሹራንሱ ካልከፈለ መኪናዋ እዚያው ቦይ ውስጥ ቀረች ማለት ነው። የልጆቹ ትምህርት አብሮ ቀረ፤ ቤቱ አብሮ ቀረ። ጎንበስ ብሎ የመጀመሪያውን ብሎን ሲያላላ ስልኩ ጮኸ። አስካለ ናት።

«ተርፈሃል? እውነት ተርፈሃል?» እያለች ታለቅሳለች።

«ተርፌያለሁ፤ አታልቅሺ።»

 ከዚያ «ምንድን ነው የሚንኳኳው?» አለችው።

እነ ሞላልኝ ብሎኑን መምታት ጀምረው ነበር።

«ዘርጋው፣ ወድቃም እንኳ ልታራቁታት ነው?»

ዘርጋው መፍቻውን እንደያዘ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። የዚያን ሰዓት አንድ ነገር ገባው። እነዚያን ሁሉ ዓመታት አደጋ ፈርቶ አያውቅም። የፈራው የአንዲት ሴት መነጽር ነበር። መኪናዬ ትገለበጣለች ብሎ ያልሰጋ ሰው፣ መኪናዬን ያዩብኛል ብሎ እንቅልፍ ያጣ ነበር።

«ሞላልኝ፣ ተወው» አለ። «ደከመኝ። ስፈታና ሳስር ዕድሜዬ አለቀ።»

«አብደሃል እንዴ? ልጆችህን ምን ልታበላ ነው?»

«አላውቅም። እግዜር ያውቃል።»

እትዬ እታፈራሁ መጡ። ገና ሳይጠይቁት ዘርጋው ተነስቶ ይዟቸው ዞረ። «እትዬ፣ ይህን እኔ ነኝ የጨመርኩት። ይህንም እኔ። ይህንንም እኔ። ያን ጊዜ እንዳያዩብኝ ፈትቼው ነበር። በየዓመቱ ዋሽቼዎታለሁ» አላቸው።

አልተቆጡም። ምነው በተቆጡ! ከቦርሳቸው የአራቱን ዓመት ወረቀት አወጡ። ወረቀቱን አዩ፤ መኪናዋን አዩ።

«እዚህ ወረቀት ላይ ዋስትና የገባሁላት መኪና የት አለች?» አሉት።

ግራ ገባው። «እንዴት እትዬ?»

«ስፖንዳዋ አጭር፣ ሳልባትዮዋ አንድ፣ ሻንሲዋ ያልተነካ። የት አለች?»

ዘርጋው አንገቱን ደፋ። «የለችም።»

«ኖራስ ታውቃለች?»

«አታውቅም እትዬ።»

«አየህ፣ እኔ አራት ዓመት ዋስ የሆንኩት ለሌለችው ነው። ይቺ ያለችው፣ በየቀኑ አንተን ይዛ የምትሮጠው፣ አንድም ቀን ዋስ አልነበራትም። ልከፍልህ አልችልም ልጄ። ብዋሽልህ እኔም እንዳንተ ሆንኩ።»

ከዚያ ጎንበስ ብለው የተበየደውን ላሜራ በጣታቸው ዳሰሱት። «ይህን ማን ሠራው?»

«እኔ ነኝ» አለ።

«እጅህ ይባረክ። ይህ ባይኖር ሻንሲው ተቆርጦ ጋቢናው ላይህ ላይ ይታጠፍ ነበር። ነግረኸኝ ቢሆን መሐንዲስ አስመርምሬ፣ ሊብሬህ ላይ አስጽፌ፣ ዋጋ ጨምሬ ነበር የምገምትልህ።» ቀና ብለው ወደ ጋቢናው ጀርባ አመለከቱ። «ያንን ሳልባትዮ ግን ያኔውኑ አውልቅ እልህ ነበር። እሳት አዝለህ ነበር የምትዞረው። ዛሬ ያተረፈህ እግዚአብሔር ነው።»

ዘርጋው አለቀሰ። ትልቅ ሰው፣ አስፋልት ዳር፣ ሰው እያየው አለቀሰ። ያፈረበት ሥራው ሊመሰገንበት የሚገባው ሆኖ ተገኘ። ምንም አይደለም ያለው ደግሞ ሊገድለው የደረሰ ሆኖ ተገኘ። ማን ይንገረው? ላንድ ባለሙያ እንኳ አላሳየም።

ከዚያ በኋላ ቀላል ነበር ብዬ አላታልላችሁም። ዘርጋው አሥራ አንድ ወር ሙሉ በሰው ጋራዥ በየደ። አስካለ መንገድ ዳር ሽንኩርት ቸረቸረች። መኪናዋ ተጠግና ስትነሳ ሳልባትዮው ቀረ፤ ስፖንዳውን በመሐንዲስ ቃል ዝቅ አደረገው፤ ላሜራው ሊብሬው ላይ ተጻፈ። እትዬ እታፈራሁ ሊገምቱ የመጡ ዕለት ሲነግራቸው፣ ሲጽፉ፣ ሲነግራቸው፣ ሲጽፉ እኩለ ቀን ሆነ። የዚያን ዓመት ዘርጋው ሰላም አግኝቶ ተኛ ይባላል።

ወገኖቼ፣ ይህን ለሹፌሮች ብቻ የነገርኩ መስሏችሁ ነበር?

ንስሐ አባታችን ፊት ስንቀርብ ምን እንላለን? «አባ፣ ያው እንደ ሰው ነው።» እንዲህ አይደል የምንለው? «ያው ምላስ አያርፍም፣ ሰው አምቻለሁ፣ አንዳንዴም ጾም እገድፋለሁ።» እሱ ከፋብሪካ የወጣው ነው! ወንድሙን አሥር ዓመት ያኮረፈው የት ሄደ? ቤት ውስጥ ሚስቱን በእጁ የሚያስፈራራው የት ሄደ? ከሟች እናቷ ኑዛዜ ላይ ስም ያስፋቀችው የት ሄደች? ፈታትተን ጓሮ በሸራ ሸፍነን መጣን። የተዋስነውን ጎማ አጥልቀን ቆምን። «እግዚአብሔር ይፍታህ» ተባልን፤ ወጣን። መንገዱን ሳናጋምስ ብሎኑን ማሰር ጀመርን።

ከዚያ ደግሞ እናማርራለን። «ንስሐ ገብቼ ምነው ሰላም አጣሁ? ተፈትቻለሁ ተብዬ ምነው ሸክሙ አልለቀቀኝም?» እንላለን። የተፈታው ማን ነው? ያ ሰውዬ የት አለ? ኖሮስ ያውቃል?

እንዲያውም ሁሉም የደበቅነው ኃጢአት አይደለም። ቁስልም ደብቀናል። ልጅነታችን ላይ የደረሰብንን፣ በብቸኝነት የተሸከምነውን፣ እንዳንሰበር በገዛ እጃችን የበየድነውን ሁሉ ጭቃ ቀብተነዋል። ማን ያውቃል? ዳስሶ «እጅህ ይባረክ፣ ይህ ነው ያቆመህ» የሚለንን ብናገኝስ? ሌላውን ደግሞ «ልጄ፣ እሳት ነው፣ አውልቂው» የሚለን ቢኖርስ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲሉ አባቶቻችን በከንቱ አላሉም።

እግዚአብሔር መሐሪ ነው። ግን የሚምረው ያለውን ሰው ነው። ከፋብሪካ እንደወጣ የሚያስመስለውን ያንን የሌለውን ሰው ምን ብሎ ይማረው? የሌለ ሰው መች በደለው?

አባ ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ ንስሐ ሊቀበሉ ግቢው ውስጥ ካለው ግራር ሥር ይቀመጣሉ። ሂዱና «ያው እንደ ሰው ነው» አትበሏቸው። ቁጭ በሉ። ጊዜ ይውሰድባችሁ፤ እኩለ ቀንም ይሁን። ያለውን ሰው፣ እሱን ራሱን፣ ይዛችሁት ቅረቡ።