መምህሩን የተቃወመው ተማሪ

አንድ ሩፐርት የሚባል የሸማኔ ልጅ በጀርመን አገር ከአንድ ሽማግሌ ፈላስፋ ዘንድ ይማር ነበር። ፈላስፋው ስማቸው የገነነ፣ ሲናገሩ ሰው ዓይኑን ከአፋቸው የማይነቅል መምህር ነበሩ። «አእምሯችን ዓለምን ዝም ብሎ የሚቀበል ዕቃ አይደለም፤ የሚያየውን ሁሉ ራሱ መልክ ያስይዘዋል» ይላሉ። ደግሞም «ሐሳብ የሚያድገው ተቃራኒውን ሲያገኝ ነው፤ ሁለቱ ይታገሉና የተሻለ ሦስተኛ ሐሳብ ይወለዳል፤ ታሪክም የሚራመደው እንዲሁ ነው» ይላሉ። እንዲህ ያለ ነገር ማን ሰምቶ! ሩፐርት መጀመሪያ የሰማ ዕለት ምሳውን ረስቶ ዋለ።

ተማሪዎቹማ ከመውደዳቸው ብዛት የመምህሩን ንግግር አንድ ሳያስቀሩ ሸመደዱት። አልፈው ተርፈው የእርጅና ሳላቸውን ሳይቀር መቅዳት ጀመሩ። ወይ ጉድ! ጤነኛው ሁሉ ይስላል።

ሽማግሌው ሲደክሙ የማስተማሪያ ወንበራቸውን ለሩፐርት ሊያወርሱ አሰቡ። በአገሩ ደንብ ግን ወራሹ አዳራሽ ውስጥ ቆሞ የራሱን ሐሳብ በሁሉ ፊት ማስረዳት አለበት። ሩፐርትን ጭንቅ ያዘው። የመምህሩን ሐሳብ ቢደግም ወንበሩ የእሱ ነው። በልቡ ያለውን የተለየ ሐሳብ ቢናገር ግን ወንበሩንም፣ እንደ አባት የሚወዳቸውን መምህሩንም ሊያጣ ነው።

ቀኑ ደረሰና ሩፐርት በሁሉ ፊት ቆመ።

«መምህር፣ ይቅር ይበሉኝ። ዓለምን የሚያንቀሳቅሰው ሐሳብ ነው ብለው አስተምረውኛል። እኔ ግን ያደግሁት ሸማኔ ቤት ነው። ሥራ የጠፋ ጊዜ የአባቴ ጸሎቱም፣ ቁጣውም፣ ተስፋውም ሲለወጥ በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ ሐሳብን የሚያንቀሳቅሰው ኑሮ ነው እላለሁ» አለ።

አዳራሹ ቀውጢ ሆነ። የተማሪዎቹ አለቃ ዲትማር ብድግ ብሎ «ከሃዲ! አስወጡት!» ሲል ጮኸ።

ሽማግሌው እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኟቸው። «ዲትማር፣ ለመሆኑ ሐሳብ የሚያድገው በምንድን ነው ብዬ ነበር?»

ዲትማር እንደ ውኃ አንበለበለው። «ተቃራኒውን ሲያገኝ ነዋ፣ መምህር!»

«ታዲያ ተቃራኒው ዛሬ በእግሩ ቢመጣ ወዴት ልታስወጡት ነው?»

ዲትማር ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

በዚያ አገር ሰው ንግግር ሲያስደስተው ጠረጴዛውን በጣቱ አንጓ ይመታል። ሽማግሌው ጎንበስ አሉና ብቻቸውን ጠረጴዛውን መቱ። ከዚያም «ሩፐርት፣ በእኔ እምነት ተሳስተሃል። ዕድሜ ከሰጠኝ ነገ እሞግትሃለሁ። ወንበሩ ግን ያንተ ነው» አሉት። ሩፐርት ሊያመሰግን አፉን ሲከፍት እንባው ቀደመው።

ሽማግሌው ካለፉ በኋላ ሩፐርትንም በተራው የገዛ ተማሪዎቹ ሞገቱት። ስለ ነጻነት፣ ስለ ሥራ፣ ስለ ፍትሕ አዲስ ነገር ያሰቡ ብዙዎች ከዚያ አዳራሽ ወጡ። አንዳንዶቹ ሽማግሌውን ክፉኛ ነቀፏቸው፤ የነቀፏቸውም ከእሳቸው በተማሩት አስተሳሰብ ነበር። ይህን የመሰለ ውርስ ከየት ይገኛል!

ወዳጄ፣ ታላቅ መምህር የሚታወቀው ቃሉን በሚደግሙለት ሰዎች ብዛት አይደለም። ደፍረው እንዲያስቡ ያደረጋቸው ሰዎች ናቸው የሚመሰክሩለት። እስቲ ራስህን ጠይቅ፦ የምትወደው ልጅህ ወይም ተማሪህ በሰው ፊት ቆሞ «አይ፣ እንዲህ አይደለም» ቢልህ ምን ትመልስለታለህ?