የወንድይፍራው ሽልማት

ደብረ ብርሃን እኛ ሰፈር አንድ ሰው ፓስፖርት አውጥቶ ለጉዞ ሲሰናዳ፣ ሊሸኙት ከመጡት መካከል አንዱ ሳይናገራት የማይቀር አጭር አባባል አለች። ልጆቹ ከጥንት የመጣች ይመስላቸዋል። አይደለችም። የተወለደችው በእኔ ቤት ነው፤ ምጡንም ያማጥኩት እኔ ነኝ። ሰዎች እየሳቁ ሲናገሯት ስሰማ ደሜ ስለሚፈላ፣ አንድ ጊዜ ከነመነሻዋ ልጻፋትና ይውጣልኝ።

ልጄ ትርሲት ሱፍ ታቀልም ነበር። ከቅጠልና ከሥር ቀለም ስታወጣ ያየ አንድ እንግዳ ጃፓን አገር ኩሮዳ ከሚባሉ ቀለም ነካሪ ጋር አገናኛት። ኩሮዳ እዚያው ቤታቸው ወስደው ለሁለት ዓመት በሙከራ ያዟት። ሁለቱ ዓመት ሲያልቅ ደብዳቤ መጣ፤ ትርሲት ሙያውን እስከ መጨረሻው እንድትማር ቤቱ ሊቀበላት ነውና ቤተሰቦቿ መጥተው ይመስክሩ ይላል። በዚያ ቤት ልማድ ተማሪ ተቀባይነት አገኘ የሚባለው፣ ኩሮዳን ራሳቸውን ያስተማሩት የሰማንያ ስድስት ዓመት ሽማግሌ የሥራ ሽርጥ በገዛ እጃቸው ሲያስሩለት ነው። እሳቸው ካላሰሩለት ወደ አገሩ ይመለሳል።

አባቷ በሕይወት ስለሌለ ታላቅ ወንድሙ ወንድይፍራው አብሮኝ እንዲሄድ ተወሰነ። ወንድይፍራው የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ነው። ዱባይን ስድስት ጊዜ ተመላልሶባታል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ዓለም ሁሉ ለእሱ ዱባይ ነው። ቲኬቴን የቆረጠልኝ እሱ ስለሆነ አትምጣ ልለው አልቻልኩም።

ከመነሣታችን በፊት አንድ ወር ሙሉ እንቅልፍ አልነበረኝም። አውሮፕላኑ ይወድቃል፣ ምድሩ ይንቀጠቀጣል፣ ጥሬው ዓሣ ይመርዘናል፣ ልጄን ከስታ አገኛታለሁ እያልኩ ስብሰለሰል ከረምኩ። ለእያንዳንዱ ወይ መድኃኒት ወይ ጸሎት ይዤ ነበር። ለወንድይፍራው እጅ ግን ምንም አልያዝኩም።

ትርሲት አውሮፕላን ማረፊያ ተቀበለችን። ስመን ሳንጠግባት ወደ አጎቷ ዞረች።

«ጋሼ፣ እዚህ አገር ጉርሻ የሚባል ነገር የለም። ለአስተናጋጅም፣ ለሾፌርም፣ ለማንም አይሰጥም። ሰውየው ለሥራው ደመወዝ አለው። ጨምረህ ስትሰጠው የናቅኸው ነው የሚመስለው።»

«ገንዘብ የሚጠላ ሰው ገና አልተወለደም» አለ ወንድይፍራው።

«በሞቴ ጋሼ፣ እምቢ ይሉሃል።»

«እምቢ ማለትማ ጨዋነት ነው! እኛስ ብሉ ስንባል ሦስቴ እምቢ እንል የለ? በሦስተኛው ይበላል።»

ትርሲት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «እማዬ፣ አደራ፣ እጁን ያዢልኝ» አለችኝ። ይህን አደራ እንደተቀበልኩ አልክድም።

ከታክሲው ስንወርድ ወንበሩ ላይ ገንዘብ ጥሎ ወረደ። ሾፌሩ መኪናውን አቁሞ፣ ኮፍያውን አውልቆ፣ መንገዱን በሩጫ አቋርጦ ከነሳንቲሙ መለሰለት። ወንድይፍራው ገንዘቡን ተቀብሎ ሳቀ። በማግሥቱ ክፍሉን ለምታጸዳው ሴት ትራሱ ላይ ትቶላት ወጣ። ማታ ስንመለስ ገንዘቡ በንጹሕ ፖስታ ታሽጎ፣ ላዩ ላይ ስሙ ተጽፎበት ጠበቀው።

«አየሽ አስካለ፣ አነሰባት» አለኝ።

«አነሰኝ አለችህ?»

«በአፏ ትበል? እንዲህ ነው የሚገለጸው እንጂ!» አለና በሚቀጥለው ቀን እጥፉን ተወላት። እሱም በፖስታ ተመለሰ። ያኔ ነበር ቦርሳውን ቀምቼ ብሄድ የሚሻለው። አልቀማሁትም። የቲኬቱ ነገር አፌን ይዞኝ ነበር። ሰው በሰው ገንዘብ ሲሄድ አፉንም አብሮ ያስይዛል።

ቀኑ ደረሰ። ምሳ ሰዓት ላይ ጫማችንን አውልቀን ምንጣፍ ላይ ተቀመጥን። ሽማግሌው ከላይ፣ ኩሮዳ ከጎናቸው፣ ትርሲት ፊት ለፊታቸው ተንበርክካ። የታጠፈው ሽርጥ በሁለቱ መካከል ነበር። ሽርጡን ከማሰራቸው በፊት ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው መዝፈን ጀመሩ። ቀለም ነካሪዎች ጋኑን ሲያማስሉ የሚሉት የቆየ ዜማ ነው፤ አዲስ ተማሪ ሲመጣ ይባላል ብላናለች ትርሲት። ድምፃቸው ቀጭን ነበር፤ ይንቀጠቀጣል፣ ግን አይሰበርም።

ወንድይፍራው እንባ አቀረረ። ልቡ በእውነት ተነክቶ ነበር። የእሱ ልብ ሲነካ ግን የሚከፈተው ኪሱ ነው።

«እሰይ! ድገሙት የኔ አባት!» ብሎ ብድግ አለ።

የኮቱን ጫፍ ያዝኩ። ኮቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎት ኖሮ እጄ ላይ ቀረ። ትርሲት «ጋሼ!» አለች። አልሰማትም። ትልቁን የገንዘብ ወረቀት ከኪሱ መዝዞ፣ ምራቁን ቀባ አድርጎ፣ የሰማንያ ስድስት ዓመት ሽማግሌ ግንባር ላይ ጥብቅ አድርጎ ለጠፈው።

እዚህ ላይ «ምን ያድርግ፣ ባህላችን ነው» የሚሉኝ አሉ። ባህላችን አይደለም! ግንባር ላይ የሚለጠፈው ለአዝማሪ ነው፤ አዝማሪውም ሙያው ነው፣ ይጠብቀዋል። ወንድይፍራው የንስሐ አባቱ ሲያዜሙ ብር ይለጥፍባቸዋል? የገዛ አባቱ ሲያንጎራጉሩ ምራቅ ይቀባቸዋል? አገሩ ላይ የማያደርገውን ነው እዚያ ያደረገው፤ ለምን ቢባል የሰው አገር ሰው ሰው አልመስል ብሎት ነው።

ዜማው ቆመ። ወረቀቱ ከግንባራቸው ተንሸራቶ ጉልበታቸው ላይ ወደቀ። ሽማግሌው ዓይናቸውን ገልጠው አዩት። በሁለት እጃቸው አነሡት፣ መጨማደዱን አስተካከሉት፣ ወንድይፍራው ፊት አስቀመጡት፣ እጅ ነሡ፣ ተነሥተው ወጡ። ሽርጡ እንደታጠፈ ቀረ።

«ምን አሉ? አነሰ አሉ?» አለ ወንድይፍራው፣ እጁን እንደገና ወደ ኪሱ እየሰደደ።

«እጅህን አውጣ!» ብዬ ጮህኩ። በዚያ ጸጥ ባለ ቤት ድምፄ ግድግዳውን ያንቀጠቀጠው መሰለኝ። «እጅህን አውጣ፣ ጨርሰሃል!»

ኩሮዳ ፊታቸው አመድ መስሎ መሬት መሬቱን ያያሉ። ያዘኑት በእኛ ብቻ አልነበረም። መምህራቸው የተዋረዱት በኩሮዳ ቤት፣ ኩሮዳ ራሳቸው በጠሩት እንግዳ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ኩሮዳ እኔንና ትርሲትን አስጠሩን። ቋንቋውን የምታውቅ ከትርሲት በቀር ሌላ አስተርጓሚ አልነበረም። ስለዚህ የራሷን ፍርድ ለእኔ የተረጎመችው ራሷ ናት። እሳቸው ጥቂት ይናገራሉ፣ እሷ ትሰማለች፣ ወደ እኔ ትዞራለች።

«ሥራዬ ጥሩ ነው ይላሉ» አለችኝ።

እንደገና ተናገሩ።

«መምህራቸው ሽርጡን አላስርም ብለዋል። እሳቸው ያላሰሩለትን ተማሪ እኔ ማስተማር አልችልም ይላሉ።»

«ይቅርታ እንጠይቅ በያቸው! እግራቸው ላይ እወድቃለሁ በያቸው!»

«ብያለሁ እማዬ። ሌሊት ሄጄ ብያለሁ።» ኩሮዳ ቀጠሉ፤ እሷም ወደ እኔ ዞረች። «ሻንጣዬን ለማዘጋጀት እስከ ነገ ጊዜ አለኝ ይላሉ።»

የፈራሁት ሁሉ ቀርቶ ያልፈራሁት ደረሰብኝ። አውሮፕላኑ በሰላም አረፈ፣ ምድሩ አልተንቀጠቀጠም፣ ዓሣውም ተስማማኝ። የልጄ ሁለት ዓመት ግን በአንድ ወረቀት ሄደ። አሁን ትርሲት ሰው ሱቅ ተቀጥራ ብርድ ልብስ ትሸጣለች። ገዢ ሲመጣ ቀለሙን አገላብጣ ታይና አፏን ትዘጋለች።

እኔ ከወንድይፍራው ጋር አምስት ወር ሰላምታ አቆምኩ። በመጨረሻ የዕድራችን ዳኛ አባባ ዘውገ ሊያስታርቁን ቤቴ ድረስ ይዘውት መጡ። ትርሲትም ነበረች። ወንድይፍራው ይቅርታ ሊጠይቅ መጥቶ ክርክር ጀመረ።

«አባባ፣ እስቲ ይፍረዱኝ። ሰጠሁ እንጂ ሰረቅኩ?»

«ብትሰርቅ ይሻል ነበር!» አልኩ። «ሌባ ሲያዝ የወሰደውን ይመልሳል። አንተ የወሰድከውን በምን ትመልሰዋለህ?»

«ሱቅ እከፍትላታለሁ አልኩ እኮ! ምን ጎደለብኝ? እጄ ሙሉ ነው!»

«ሱቅ አልፈልግም ጋሼ» አለች ትርሲት። «አንተም ስትመጣ ከቤት ባልገኝ ደስ ይለኛል።» ነጠላዋን አንሥታ ወጣች። አባቷ ከሞተ ጀምሮ በጀርባው አዝሎ ያሳደጋት እሱ ነው። እንዲህ ስትለው የመጀመሪያዋ ነበር። 

አባባ ዘውገ በዱላቸው ወለሉን መታ መታ አደረጉ።

«አንተ ሰው፣ ስትሰጥ የተቀባዮቹን ፊት አይተሃል?»

«እ... ቸኩዬ ነበር አባባ። አላየሁም።»

«ልጅቷ ሻንጣዋን ስትዘጋስ?»

ወንድይፍራው አንገቱን ደፋ። «እሱንስ አይቻለሁ። ፊቴ ነው የዘጋችው። አሁንም ስትወጣ አየኋት።»

አባባ ዘውገ ወደ በሩ ተመለከቱና እንዲህ አሉት፦ «እንግዲህ ስማኝ ልጄ፤ ሳያይ የሰጠ እያየ ያጣል።»