ልብ አልሆንም ያለው ሊጥ

ተረቴ አጭር ናት፤ ጅራቷ ግን ረጅም ነው። ጅራቷን እንዳትረግጡብኝ ቀስ ብላችሁ ተከተሉኝ።

ከደጀን ወዲያ፣ ከመኪና መንገዱ ዳር ባለች አንዲት መንደር ቢያዝን የሚባል ሽማግሌ ነበረ። ሚስቱ አትጠገብ ትባላለች። በግንቦት ልጃቸው ፍቼ ላይ ወለደችና አትጠገብ ልታርሳት ሄደች። አርባ ቀን ትቆያለች ተባለ። አርባው ቀን አለፈ፤ ሐምሌ ገባ፣ ነሐሴም ገባ። ቢያዝን በእነዚህ ወራት ሁሉ መደቡ ላይ በራሱ በኩል ብቻ ተኛ። በእሷ በኩል አንድ ጊዜም እግሩን አልዘረጋም።

ጳጉሜን ሲገባ የአውቶቡሱ ሾፌር መልእክት አመጣለት።

«እማማ አትጠገብ በዘመን መለወጫ ዋዜማ ይመጣሉ። በዘጠኝ ሰዓት መኪና መንገዱ ላይ ይጠብቋቸው» አለው። ሞተሩን ካስነሣ በኋላ ደግሞ አንገቱን በመስኮት አወጣ። «ግን ልጃቸው እዚሁ ከእኔ ጋር ኑሪ እያለቻቸው ነው። ለበዓሉ መጥተው የሚመለሱ ይመስለኛል።»

ቢያዝን «ይመስለኛል» የምትለዋን ቃል ይዞ ቤቱ ገባ። ወዲህ አገላበጣት፣ ወዲያ አገላበጣት፤ በየትኛውም በኩል ደስ አላለችውም። ቅሪልኝ ብሎ መለመን አያውቅበትም። አርባ ዓመት አብረው ሲኖሩ የፍቅር ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። አንድ ጊዜ ለልጃቸው ሠርግ ከተማ ሄደው ሳለ አትጠገብ ዳቦ ቤት መስኮት ላይ በልብ ቅርጽ የተሠራ ኬክ አይታ ቆመች። «ሰው ለሰው እንዲህ ያለ ነገር ይሠራል እንዴ?» አለችው። እሱ ደግሞ «ነይ እንጂ፣ መኪና ያመልጠናል» አላት። ዘንድሮ ክረምቱን ሙሉ ይህች መልሱ እየመጣች እንደ እሾህ ስትወጋው ከረመች።

ስለዚህ ቢያዝን አንድ ነገር ፈለገ፤ አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ። አትጠገብ ከመኪና ስትወርድ በልብ ቅርጽ የተጋገረ ዳቦ ሊያቀርብላት ፈለገ።

በዋዜማው ማለዳ ዱቄቱን ነፋ፣ እርሾውን ጨመረ፣ ሊጡን አቦካ። ሊጡ ኩፍ ሲል በሁለት እጁ አድቦልቡሎ፣ ከላይ ቀዶ፣ ከታች አሹሎ ልብ አደረገው። እጁን ሲያነሣ ሊጡ ተንሸራቶ ክብ ሆነ። እንደገና ልብ አደረገው፤ እንደገና ክብ ሆነ።

«ምነው?» አለ ቢያዝን።

«የሚይዘኝ ነገር የለም። ያለ መጋገሪያ ልብ አልሆንም» አለ ሊጡ።

ሊጡ ልብ አልሆንም አለ፤ አትጠገብም መንገድ ላይ ናት።

ቢያዝን ሊጡን በሻሽ ሸፍኖ ወደ ቆርቆሮ ቀጥቃጩ ወደ አስረስ ሄደ።

«አስረስ፣ የልብ መጋገሪያ ሥራልኝ።»

አስረስ መዶሻውን አስቀመጠ። «የምን ልብ ነው፣ አያ ቢያዝን? የበሬ ልብ?»

«የበሬ ልብማ ድብልብል ነው። እኔ የምልህ ከረሜላ ወረቀት ላይ ያለውን ነው። ከላይ ሁለት ጉብታ፣ ከታች እንደ ማረሻ ሹል።»

«በዚህ ዕድሜዎ ሚስት ሊያገቡ ነው እንዴ?»

«ያገባኋት ናት የምትመጣው።»

አስረስ መሳቁን ተወ። በከሰል መሬት ላይ ሣለለት። ቢያዝን ጎንበስ ብሎ አየና አንዱ ጉብታ ከሌላው እንዳይበልጥ አደራ አለው።

«መሥራቱን እሠራው ነበር» አለ አስረስ፤ «ግን ለበዓሉ ኩባያና ማንቆርቆሪያ ስቀጠቅጥ ቆርቆሮዬ አልቋል። የጣራው ደግሞ አይታጠፍልኝም። ልስልስ ያለ የዘይት ቆርቆሮ ያምጡ። ያለዚያ መጋገሪያ አልሠራም።»

አስረስ መጋገሪያ አልሠራም አለ፣ ሊጡ ልብ አልሆንም አለ፤ አትጠገብም መንገድ ላይ ናት።

የዘይት ቆርቆሮ ያላት ጎረቤቲቱ ዝማም ናት። ቢያዝን ደጇ ላይ ሆኖ ጠራት።

ዝማም ወጥታ እጁን እጁን አየችው። «ምነው አያ ቢያዝን፣ ቤት ሲለስኑ ነው የዋሉት?»

«ሊጥ ነው።»

«ሊጥ?» አፏን በእጇ ያዘች። «ዝም ይበሉ፣ ባሌ እንዳይሰማዎት። ሴቶቹን ሊያስለምዱብን ነው ብሎ ከመንደር ያስወጣዎታል።»

«ያስወጣኝ፤ ብቻ የዘይት ቆርቆሮሽን ስጪኝ።»

«ቆርቆሮውስ ነበረኝ። ግን ዶሮዬ እንቁላል ታቅፋበታለች። እሷ ካልተነሣች አልሰጥም። የታቀፈች ዶሮ አስነሥቼ ግፍ አልገባም።»

ዝማም ቆርቆሮ አልሰጥም አለች፣ አስረስ መጋገሪያ አልሠራም አለ፣ ሊጡ ልብ አልሆንም አለ፤ አትጠገብም መንገድ ላይ ናት።

ቢያዝን ዝማም ጓዳ ገብቶ ዶሮዋ ፊት ቁጢጥ አለ። ዶሮዋ በጎኑ ተከፍቶ በተጋደመው ቆርቆሮ ውስጥ ክንፏን ዘርግታ ተኝታለች። ከክንፏ ሥር ትንንሽ ምንቃሮች ብቅ ጥልቅ ይላሉ።

«እሜቴ ዶሮ፣ ልጆችሽ ወጥተው የለም? እስቲ ተነሺልኝ።»

«አሥራ አንዱ ወጥተዋል፤ አንዱ ቀርቷል» አለች ዶሮዋ። «የቀረ እያለኝ የት እሄዳለሁ? ጫጩቴ ካልወጣ አልነሣም።»

«እውነትሽን ነው» አለ ቢያዝን። የቀረበትን መጠበቅ ምን እንደሆነ ያውቃልና ሊከራከራት አልቻለም። ጆሮውን ወደ እንቁላሉ አስጠጋ።

«አንተስ ጫጩት፣ ለምን አትወጣም?»

«ውጭው እርጥብ ነው» አለ ቀጭን ድምፅ። «ፀሐይ ካላሞቀችኝ ቅርፊቴን አልሰብርም።»

ጫጩት ቅርፊት አልሰብርም አለ፣ ዶሮ ከቆርቆሮ አልነሣም አለች፣ ዝማም ቆርቆሮ አልሰጥም አለች፣ አስረስ መጋገሪያ አልሠራም አለ፣ ሊጡ ልብ አልሆንም አለ፤ አትጠገብም መንገድ ላይ ናት።

ቢያዝን ወደ ውጭ ወጥቶ ቀና አለ። በሰማዩ ላይ የፀሐይ ቦታ ብቻ እንደ ደበዘዘ ሳንቲም ይታያል።

«ፀሐይ ሆይ፣ አንዲት እንቁላል አሙቂልኝ።»

«እንዴት አድርጌ?» አለች ፀሐይ። «ከሰኔ ጀምሮ ደመናው ላዬ ላይ ተኝቷል። እሱ ካልገለጠኝ እንቁላል አላሞቅም።»

«አንተ ደመና፣ ግለጣታ!»

«በገዛ እግሬ የምሄድ ይመስልሃል?» አለ ደመናው። «እግር የለኝም። ነፋስ ካልገፋኝ ፀሐይን አልገልጥም።»

ደመና ፀሐይ አልገልጥም አለ፣ ፀሐይ እንቁላል አላሞቅም አለች፣ ጫጩት ቅርፊት አልሰብርም አለ፣ ዶሮ ከቆርቆሮ አልነሣም አለች፣ ዝማም ቆርቆሮ አልሰጥም አለች፣ አስረስ መጋገሪያ አልሠራም አለ፣ ሊጡ ልብ አልሆንም አለ፤ አትጠገብም መንገድ ላይ ናት።

ነፋስን ፍለጋ ከመንደሩ በላይ ወዳለው ጉብታ ሊወጣ ሲል ቢያዝን ቤቱን ጎራ ብሎ አየ። ሊጡ ሻሹን ገፍቶ ብቅ ብሏል፤ አንገቱን አስግጎ መንገድ የሚያይ ሰው ይመስላል። በጣቱ ቀስ አድርጎ ጫን አለው። «ትንሽ ታገሠኝ፣ እኔም እየታገሥኩ ነው» አለው። ከዚያ ዱላውን ተመርኩዞ ዳገቱን ወጣ።

ነፋሱ ከጉብታው ጀርባ፣ ቁጥቋጦ ውስጥ ተኝቷል። አንዲት ቅጠል እንኳ አትነቃነቅም።

«ነፋስ፣ እባክህ ተነሥና ደመናውን ግፋልኝ።»

ነፋሱ አንድ ዓይኑን ገለጠ። «እኔን ሰው የሚያስታውሰኝ አውድማ ላይ ነው። ያኔ እህሉን ወደ ላይ እየበተኑ ያፏጩልኛል፤ እኔም እነሣለሁ። በጳጉሜን ጠርቶኝ የሚያውቅ የለም። ካልተፏጨልኝ ደመና አልገፋም።»

ቢያዝን ደስ አለው። ማፏጨት ያውቅበታል። በጉልምስናው ከእርሻ ሲመለስ ከወንዙ ማዶ ያፏጭ ነበር። አትጠገብ ፉጨቱን ስትሰማ ውሃ ይዛ ደጅ ትወጣለች። ቀን ሙሉ የሚነግራት ቃል ቢኖር ያ ፉጨት ነበር።

ከንፈሩን አሾለ። አየር ብቻ ወጣ። እንደገና ሞከረ፤ አሁንም አየር ብቻ።

«ምን ሆነሃል?» አለው ከንፈሩን።

«እኔ ለአትጠገብ እንጂ ለሌላ አፏጭቼ አላውቅም» አለ ከንፈሩ። «ከግንቦት ወዲህ ማን ሰማኝ? እሷ ካልሰማች አላፏጭም።»

ከንፈር አላፏጭም አለ፣ ነፋስ ደመና አልገፋም አለ፣ ደመና ፀሐይ አልገልጥም አለ፣ ፀሐይ እንቁላል አላሞቅም አለች፣ ጫጩት ቅርፊት አልሰብርም አለ፣ ዶሮ ከቆርቆሮ አልነሣም አለች፣ ዝማም ቆርቆሮ አልሰጥም አለች፣ አስረስ መጋገሪያ አልሠራም አለ፣ ሊጡ ልብ አልሆንም አለ፤ አትጠገብም መንገድ ላይ ናት።

ቢያዝን ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። በሰው ቢሆን ይለምናል፣ በነፋስም ቢሆን ይለምናል፤ የገዛ ከንፈሩን ምን ብሎ ይለምነው? ዳቦው ለአትጠገብ ነው፤ ዳቦው እንዲጋገር ደግሞ አትጠገብ መስማት አለባት። እሷ ግን መንገድ ላይ ናት።

መንገድ ላይ ናት። ይህን ሲል አንድ ነገር አሰበ።

«ስማኝማ» አለው ከንፈሩን በለሆሳስ። «አሁን ስድስት ሰዓት ነው። ከፍቼ በጠዋት ከተነሡ ይህን ጊዜ የአባይን በረሃ እያቋረጡ ነው። በረሃው ይሞቃል። አትጠገብን ደግሞ መኪና ያዞራታል፤ ሰው ቢቆጣም ባይቆጣም መስኮት ትከፍታለች። ይገባሃል? መስኮቱ ክፍት ነው።»

ከንፈሩ አሰበ።

«በየትኛው በኩል ነው የተቀመጠችው?» አለ።

«በእኛ በኩል።»

ከንፈሩ ሾለ። መጀመሪያ እንደ ጫጩት ድምፅ የቀጠነች ፉጨት ወጣች። ቀጥላ ሁለተኛዋ ወጣች፤ ወፈር አለች። ሦስተኛዋ ያቺው የወንዝ ማዶዋ ነበረች፤ ጉብታውን ተሻግራ ወደ በረሃው ወረደች።

ያኔ ከንፈር አፏጨ፣ ነፋስ ደመናን ገፋ፣ ደመና ፀሐይን ገለጠ፣ ፀሐይ እንቁላሉን አሞቀች፣ ጫጩት ቅርፊቱን ሰበረ፣ ዶሮ ከቆርቆሮው ተነሣች፣ ዝማም ቆርቆሮውን ሰጠች፣ አስረስ መጋገሪያውን ሠራ፣ ሊጡም ልብ ሆነ።

ቢያዝን መጋገሪያውን የኮባ ቅጠል አልብሶ፣ ሊጡን አስተኝቶ፣ ከላይም ከታችም እሳት አደረገበት። እንዳያር ይፈራል፤ ጥሬ እንዳይቀርም ይፈራል። ስንት ጊዜ ከፍቶ እንዳየው አልነግራችሁም። ዳቦው ወጥቶ ሰፌድ ላይ እንዳረፈ የመኪናው ጡሩምባ ተሰማ።

አትጠገብ ከአውቶቡሱ ወረደች። ሻሿ ወደ ኋላ ተንሸራቷል፤ ፀጉሯ በነፋስ ተበትኗል።

«እንዴት ዋልሽ?» አለ ቢያዝን። አራት ወር ሲያሰላስል ከርሞ የወጣው ይህ ብቻ ነው።

«ከሰው ጋር ስጣላ ዋልኩ። መስኮቱን ዝጊ አሉኝ፣ አልዘጋም አልኳቸው» አለች አትጠገብ። «አንተ ግን ከሳህ። የምትበላው የለም እንዴ?»

ቢያዝን ጓዟን ይዞ ከፊት ከፊት ሄደ። ጓዙ ቀላል ነበር፤ ለአጭር ጊዜ የሚመጣ ሰው ጓዝ። ቤት ሲገቡ ሰፌዱን ፊቷ አስቀመጠና ወደ ኋላ ሸሸት ብሎ ቆመ።

አትጠገብ በዚህ በኩል አየችው፣ በዚያ በኩል አየችው። በእሳት አንዱ ጉብታ ከሌላው በልጦ ነበር።

«ምንድነው ይሄ? የአህያ ጆሮ ነው?»

«ልብ ነው» አለ ቢያዝን።

አትጠገብ የነጠላዋን ጫፍ ይዛ ዓይኗን ጠረገች፤ አቧራ የገባባት መሰለች።

«ማን ጋገረው?»

«እኔ።»

«በል እንግዲህ ባርከህ ቁረሰው። ራበኝ።»

ቢያዝን ቢላዋውን አነሣ። ወደ ዳቦው አስጠጋው፤ መልሶ አራቀው። «አልችልም። አንቺ ቁረሺው።»

«ዳቦ የሚቆርሰው አባወራው አይደል?»

«የሚጋግረውስ?» አለ ቢያዝን።

አትጠገብ ሳቀች። ቢላዋውን ከእጁ ተቀብላ አስቀመጠችና ከፍ ያለውን ጉብታ በጣቷ ገመሰች። ግማሹን አጎረሰችው፤ ግማሹን ጎረሰች። ቢያዝን ማኘኩን ትቶ አፏን አፏን ያያል።

«ጨው አንሶታል» አለች። አሁንም ገመሰች። «እኔ ከሌለሁ ይህ ቤት ጨው አይቀምስም ማለት ነው። ሁለተኛ እንዲህ ርቄ አልሄድም፤ ልጅቱ ከናፈቀችኝ ትምጣ።»

ቢያዝን ያኔ ዋጠ።

ተረቴ እዚህ ላይ ቁጭ አለች። እኔም ሳወራ አፌ ደርቋል፤ ከዳቦው የተረፈ ካለ አንድ ቁራሽ አቀብሉኝ።