ኩሬ የሌለው ማሳ

አንድ ሰው ነበረ። ግቢ እንጂ ውባለም፣ ሰሃኑን ታቅፈሽ በር ላይ አትቁሚ። «አባ፣ ባሌ ሽባባው ጨጓራውን በቀዶ ጥገና ካወጡለት ወዲህ ሳበላው ያልበዋል፣ ልቡ ይመታል፣ ይዝለፈለፋል። ካላበላሁት ደግሞ መንምኖ ሊያልቅ ነው። አብልቼም ሳላበላም ልገድለው ነው፣ ምን ላድርግ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። እመልስልሻለሁ፤ በመሃል ግን አታቋርጪኝ።

አንድ ሰው ነበረ አልኩሽ፣ በመስኖ በርበሬ የሚያለማ ገበሬ። በመንደሩ ውሃው የሚደርሰው በተራ ነው። ተራው የደረሰ ሰው ቦዩን ሙሉ ይወስዳል፣ ከዚያ ተራው እስኪመለስ ይጠብቃል። ይህ ሰው ግን ከማሳው በላይ አባቱ የቆፈረለት ኩሬ ነበረው። ውሃው ደንፍቶ ሲመጣ ኩሬው ተቀብሎ ያሳርፈዋል፣ ከዚያ በቀስታ ለችግኙ ይለቀዋል፤ ለም ደለሉንም አብሮ ይሰጠዋል። ገበሬው ኩሬውን አመስግኖት አያውቅም። ሰው ያለውን መቼ ያያል።

አንድ ክረምት የኩሬው ግድብ ከውስጥ በስብሶ ተገኘ። ቤቱንም ማሳውንም ይዞ ሊሄድ ነው ተባለና አዋቂዎች መጥተው አፈረሱት። ደግ አደረጉ፣ ቤቱ ተረፈ።

በጋ ገባ። ገበሬው ተራው ሲደርስ እንደለመደው ቦዩን ሙሉ ከፈተ። ውሃው የሚያርፍበት አጥቶ በቀጥታ ማሳው ላይ ወረደ፤ ችግኙን ከነሥሩ ነቀለው፣ አፈሩን ጠርጎ ገደል ከተተው። ወዲያው ደግሞ ማሳው ደርቆ ተሰነጠቀ። ሰውየው ጭንቅ ያዘው። የተረፈውን ችግኝ እየዞረ ቅጠሉን ይዳብሳል፣ «ልጆቼ ምን ሊበሉ ነው?» ይላል።

ጎረቤቶቹ አዘኑለት። ክፋት የሌለባቸው ሰዎች ናቸው። «ውሃ አንሶት ነው» አሉና እየተቀባበሉ ተራቸውን ለቀቁለት፣ ቦዩን ሙሉ። እምቢ ማለት ነውር ሆኖበት እያመሰገነ ተቀበለ። እነሱ በቸሩት ቁጥር ማሳው ተሸረሸረ።

በመጨረሻ አንድ መደብ ችግኝ ብቻ ቀረ። አንዱ ጎረቤት ደግሞ ተራውን ሊለቅ ቦዩን ሲከፍት የገበሬው ሚስት ሮጣ መጣችና ከነቀሚሷ ቦዩ አፍ ላይ ቁጭ አለች። ውሃው ደረቷን ይመታታል።

«አብደሻል እንዴ? የሰው ደግነት ይገፋል?» አላት ባሏ።

«አልገፋሁም» አለች። «ተራችሁን አትስጡን። ይልቅ እያንዳንዳችሁ ስታጠጡ ከውሃችሁ በመዳፍ ልክ ልቀቁልን። ጠዋት ትንሽ፣ ቀን ትንሽ፣ ማታ ትንሽ።»

በመዳፍ መስጠት ስስት ስለመሰላቸው እያፈሩ ሰጡ። ያቺ መደብ ግን ቀና አለች። እንደ ድሮው ሆነች ብዬ አልዋሽሽም። ደለሉ ስለቀረ ቅጠሉ ቢጫ ይሆን ነበርና ፍግ በቅርጫት ተሸክመው ማልበስ ነበረባቸው፣ ሁልጊዜ። ቢሆንም በርበሬው ደረሰ፣ ለከርሞም ዘር ያዙ።

እንግዲህ ውባለም፣ ማሳው ሽባባው ነው። ኩሬው የወጣለት ጨጓራ ነው። «በሞቴ፣ አፈር ስሆን» እያለ የሚያጎርሰው ዘመድ ሁሉ ጎረቤቶቹ ናቸው፤ ግንባር ቀደሟ ደግሞ አንቺ። አትቆጪ። ምግብሽን ጠልቶት አይደለም፣ ምግቡ ማረፊያ አጥቶበት ነው። ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ፣ በደንብ አላምጦ ይብላ። ውሃውንም ከምግቡ ጋር አታጋፊበት፣ ቆይቶ ይጠጣ። ፍጉ ሐኪም ያዘዘለት የቪታሚን መርፌ ነው፤ «ደህና ነኝ» ብሎ እንዳያስቀረው። መክሳቱ አልቆም ካለ ደግሞ ወደ ሐኪሙ ይዘሽው ሂጂ፣ ወደ እኔ አይደለም።

«ዘመድ ስስታም ቢለኝስ?» ትያለሽ። ይበልሽ። ያቺም ሴት «አብደሻል» ተብላለች።

በይ አሁን ሂጂ። ከዚህ ሰሃን ትንሽ ስጪው፣ የቀረውን ክደኚው። እጁን ሲሰበስብ «በሞቴ» አትበዪው። ሚስቱ በሞቷ ስትለምነው እምቢ ማለት አይችልም፤ እየፈራ ይውጥልሻል።