ላባዋን የተነጨችው ገብስማ

ጆሯችሁን አውሱኝ፤ የሁለት እህትማማቾችንና የአንዲት ዶሮን ነገር ላውራችሁ።

አሰገደች አንዲት ገብስማ ዶሮ ነበረቻት። ከሟች እናቷ ዶሮዎች የተረፈችው እሷ ብቻ ናት። አሰገደች ከገበያ ቄብ ዶሮዎች ገዝታ ከገብስማዋ ጋር በአንድ ጠባብ ቤት አጎረቻቸው። ከቄቦቹ አንዷ፣ ቀይዋ፣ የገብስማዋን ላባ ትነጨው ጀመር። አሰገደች የተመኘችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የገብስማዋ ላባ መልሶ እንዲበቅል።

"ተያት እንጂ!" ብላ ቀይዋን አባረረቻት። ቀይዋ ምን ታድርግ? መሸሻ የለ፣ መላወሻ የለ።

ቀይዋ ገብስማዋን አልተው አለች፤ ቤቱ አልሰፋ አለ።

አሰገደች አናጢውን ጋሽ ሸዋንግዛውን ጠራች። "ጋሼ፣ የዶሮ ቤቴን ያስፉልኝ።"

"በምን ላስፋው? ቀርከሃ አምጪ።"

ቀይዋ ገብስማዋን አልተው አለች፤ ቤቱ አልሰፋ አለ፤ አናጢው ያለ ቀርከሃ አልሠራ አለ።

በሰፈሩ ቀርከሃ ያለው በታላቅ እህቷ በማንጠግቦሽ ጓሮ ነው። አናጢው ሄዶ ቢጠይቃት፣ "ራሷ መጥታ ይቅርታ ትበለኝ" ብላ መለሰችው።

ቀይዋ ገብስማዋን አልተው አለች፤ ቤቱ አልሰፋ አለ፤ አናጢው ያለ ቀርከሃ አልሠራ አለ፤ እህት ቀርከሃዋን አልሰጥ አለች።

ለምን መሰላችሁ? በእናታቸው ለቅሶ ላይ አሰገደች፣ "ሳታስታምሚያት አሁን ታለቅሻለሽ?" ብላ በሰው ፊት አዋርዳታለች። እናታቸው በታመመች ጊዜ ማንጠግቦሽ ራሷ ታማ ተኝታ እንደነበር አሰገደች የሰማችው በኋላ ነው። ሰምታም ዝም አለች።

ቀይዋ ገብስማዋን አልተው አለች፤ ቤቱ አልሰፋ አለ፤ አናጢው ያለ ቀርከሃ አልሠራ አለ፤ እህት ቀርከሃዋን አልሰጥ አለች፤ የአሰገደች ምላስ ይቅርታ አልል አለ።

እስከዚያው ብላ ገብስማዋን ለብቻዋ ቅርጫት ደፋችባት። ሰንብታ ብትመልሳት ዶሮዎቹ እንደ እንግዳ ቆጠሯት፤ ጭራሽ ባሰ። አንድ ቀን ጠዋት ጀርባዋ ደምቶ፣ ደሙን ያዩት ሁሉ ሲረባረቡባት ደረሰች።

አሰገደች ዶሮዋን በነጠላዋ ጠቅልላ ወደ እህቷ በር ሮጠች።

"ማነው?" አለች ማንጠግቦሽ፣ ፊት ለፊቷ ቆማ።

"እኔ ነኝ እትዬ! አታይኝም እንዴ?"

"ዓይኔ ካለፈው ክረምት ወዲህ አያይም። ድምፅሽን ግን አልረሳሁትም።"

"ምነው ማንም አልነገረኝ?"

"እንዳይነግሩሽ ከልክያቸው ነው። አዝነሽልኝ እንድትመጪ አልፈለግሁም።"

አሰገደች እግሯ ላይ ወደቀች። "በድዬሻለሁ እትዬ፣ ይቅር በይኝ።"

"ተነሺ፣ ተነሺ። ይቅር ለእግዜር።"

ምላስ ይቅርታ አለ፤ እህት ቀርከሃዋን ሰጠች፤ አናጢው ሠራ፤ ቤቱ ሰፋ፤ ቀይዋም ገብስማዋን ተወች።

ላባውም ቀስ በቀስ በቀለ። ማንጠግቦሽ ገብስማዋን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ጀርባዋን ትዳስሳለች።

"ወጣላት?"

"ወጣላት እትዬ። እንዴት ያምራል መሰለሽ!"

"ምነው ትንሽ ቀደም ብለሽ በመጣሽ፤ አየው ነበር" አለች ማንጠግቦሽ።

አሰገደች ከእህቷ ጎን ተጠግታ ተቀመጠች፤ የላባውን መልክ አንድ በአንድ ትነግራት ጀመር።