ያልረጠበችው ታንኳ

ስሙኝማ ልጆች። እንስሳት አፍ አውጥተው በሚያወሩበት፣ ዕቃም ሲከፋው በሚያኮርፍበት በዚያ ዘመን፣ በአንድ ሐይቅ ዳር የቀዘፋ ትምህርት ቤት ነበረ። መምህሩ የኔታ ዝንጀሮ ነበሩ፤ ዕቃ ጠባቂው አያ ጃርት። ከተማሪዎቹ ሁሉ አንደኛ የምትወጣው ደግሞ ጦጣ ነበረች።

ትምህርት ቤቱ ከደንገል የተሠራች አንዲት ቆንጆ ታንኳ ነበረችው። ግን ውሃ ነክቷት አያውቅም። ጃርት መጋዘን ውስጥ ቆልፎባት፣ ጠዋት ጠዋት አቧራዋን ያራግፍላት ነበር።

ጦጣ ትምህርቷን እንደ ውሃ ጠጥታዋለች። «ማዕበል ሲመጣ?» ሲሏት፣ «የታንኳዋን አፍንጫ ወደ ማዕበሉ!» «ቀጥ ብላ እንድትሄድ?» «አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ!» ትላለች። መቅዘፊያ ግን ጨብጣ አታውቅም። ስለዚህ ወደ መጋዘኑ ሄደች።

«አያ ጃርት፣ ታንኳዋን አንዴ ልሞክራት?»

«ምን? እንድትረጥብ!»

በሌላ ቀን መጣች። «አያ ጃርት፣ ዳር ዳሩን ብቻ?»

«ብትጫጫርስ? ማን ሊጠየቅባት ነው? እኔ!»

ለሦስተኛ ጊዜም መጣች። «አያ ጃርት፣ እባክህ፣ ቁጭ ብዬባት ብቻ ልነሣ።»

«እንግዶች ሊጎበኙን ይመጣሉ። አዲስ እንደሆነች ይዩዋት።»

ታንኳዋ ከውስጥ አለቀሰች። «ኧረ እኔ ታንኳ ነኝ! የሳሎን ዕቃ አደረጋችሁኝ እኮ!»

ክረምት ገባ፤ ሐይቁ ሞላ። የጦጣ እናት ፍሬ ልትለቅም የወጣችበትን ዛፍ ውሃ ከበበው። ዛፉ መወዛወዝ ጀመረ። «ልጄ! የተማርሽው ለመቼ ነው?» ብላ ጮኸች።

ጦጣ ወደ መጋዘኑ በረረች። ጃርት «ፈቃድ አምጪ!» አለ። የኔታም ፈቃድ የሚሰጠው ማን እንደሆነ ማሰብ ጀመሩ። ታንኳዋ ግን ትዕግሥቷ አለቀ፤ በሩን በአፍንጫዋ ገጭታ ወጣችና ሐይቁ ውስጥ ገባች።

ጦጣ ዘላ ገባችና ውስጧ የነበረውን መቅዘፊያ አንሥታ ቀዘፈች። ታንኳዋ ዞረች። እንደገና ቀዘፈች፤ እንደገና ዞረች።

«ምነው፣ ሠርግ ላይ ነን እንዴ እንዲህ የምታሽከረክሪኝ?» አለች ታንኳዋ።

«አንደኛ የወጣሁት እኮ እኔ ነኝ!» አለች ጦጣ።

«ውሃው ያንን አልሰማም። ምን ነበር የተማርሽው?»

«አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በ…» ጦጣ እጇን አየች። እስካሁን በቀኝ ብቻ ነበር የቀዘፈችው። መቅዘፊያውን ወደ ግራ አሻገረች፤ ታንኳዋ ቀጥ ብላ ሄደች። ማዕበል ሲመጣ አፍንጫዋን መለሰችበት። በአፏ የኖረው ትምህርት ወደ እጇ ሲወርድ ተሰማት።

እናቷን ይዛ ስትመለስ ጃርት እሾኩን አቁሞ ጠበቃት። «ረጥባለች!»

«ተመስገን!» አለች ታንኳዋ።

የኔታ ዝንጀሮ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስሚ ልጄ፣ እኔም ገብቼባት አላውቅም። ዳር ዳሩን ብቻ…» ጦጣ ቦታ ለቀቀችላቸው። ጠርዙን በሁለት እጃቸው ጨምድደው ተቀመጡ። ጃርት ደግሞ ሄዶ የተሰበረውን በር አቆመና ባዶውን መጋዘን ቆለፈ።

ተረቴም እዚሁ ዳር ደረሰች። ቀለምና ሥራ እንደ ቀዘፋ ቀኝና ግራ ናቸው፤ አንዱን ብቻ የያዘ ሲዞር ይውላል።