የላይኛው ክፍል መስኮት

አንድ ጊዜ አያ ጅቦ አሮጊት እናቱን ይዞ ዙሪያዋን በግንብ ወደታጠረች ጥንታዊት ከተማ ገባ። የሚሄዱት ወደ ሆቴል ነበር። ሆቴሉ ድሮ የአንድ ባለጸጋ የሆነ ግመል መኖሪያ ነበር፤ ግመሉ ሲሞትና ወራሾቹ ሲበተኑ እሜቴ ቀበሮ ገዝታ፣ የተቀረጸውን የእንጨት በርና የድንጋይ ደረጃውን እንደነበረ ትታ፣ ክፍሎቹን ለእንግዳ አሰናዳቻቸው።

የጅቦ እናት የተወለደችው በዚያ ግቢ ነው። እናቷ የግመሉ ዘበኛ ነበረች። እሷም ደረጃውን ጠዋት ማታ ስትጠርግ አደገች፤ ፎቅ ላይ ወዳለው ትልቅ ክፍል ግን አንድ ቀን እንኳ ገብታ አታውቅም። «ፀሐይ ስትጠልቅ በዚያ መስኮት ከተማው በሙሉ ይታያል ይሉ ነበር» እያለች ለልጇ ታወራለት ነበር። በዚያ ዓመት ጉልበቷ ሲደክምና ትንፋሿ ሲያጥር ጅቦ፣ «እማዬ፣ እዚያ ክፍል አሳድርሻለሁ» ብሎ ቃል ገባላት፤ ክፍሉንም አስቀድሞ አስያዘ።

ሲደርሱ ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች። እሜቴ ቀበሮ በሩ ላይ እጅ ነሥታ ተቀበለቻቸው። በልቧ ግን ሌላ ነገር ነበር፤ አያ አንበሶ ሳይታሰብ መጥቶ ከሁሉ የተሻለውን ክፍል ጠይቋታል።

«ክፍልዎ እየተወለወለ ነው፣ ጌታዬ» አለች። «እስከዚያው ምግብ ቤት ጎራ ይበሉ። ዛሬ ቅልጥም አለን።»

ቅልጥም ሲባል የጅቦ ምራቅ ተንጠባጠበ።

«ልጄ፣ መጀመሪያ እንውጣ» አለች እናቱ። «ፀሐይዋ ልትገባ ነው።»

«አንድ አጥንት ብቻ ቆርጥሜ መጣሁ፣ እማዬ። እዚህ ደረጃው ሥር አረፍ በይ።»

አንዱ አጥንት ሦስት፣ ሦስቱ ሰባት ሆነ። የሆቴሉ ዕቃ ተሸካሚ አህያ በበሩ አንገቱን ብቅ አድርጎ፣ «አያ ጅቦ፣ እናትዎ እየጠበቁዎት ነው» አለ።

«መጣሁ በላት!»

አህያ ወጣ፤ ቀበሮ ገባች። «ጌታዬ፣ የላይኛውን ክፍል ለአያ አንበሶ ቢለቁልኝ አንድ ሙሉ የበሬ ታፋ አቀርብልዎታለሁ። ለእናትዎ ምድር ቤት ደህና ክፍል አለ።»

ጅቦ ትንሽ አሰበ። ክፍል ያው ክፍል ነው፤ መስኮቱንስ ነገ ብታየው ምን ይጎድልባታል? አፉ ሙሉ ስለነበር በእሺታ ራሱን ነቀነቀ።

ታፋውን ጨርሶ ሲወጣ እናቱን ካስቀመጠበት አጣት። ቀና ቢል ከላይኛው ክፍል በር ፊት ተጋድማለች። ያን ሁሉ ደረጃ፣ በየእርከኑ እያረፈች፣ ብቻዋን ወጥታው ነበር። ሮጦ አጠገቧ ደረሰ።

«ደረስኩ፣ ልጄ» አለች። ድምፅዋ አልሰማ ብሎት ጆሮውን አስጠጋ። «በሩን ክፈትልኝ።»

ጅቦ በሩን አየ። ከውስጥ የአንበሳ ማንኮራፋት ይሰማል። «እማዬ... ክፍሉን... ነገ...» አለ።

እናቱ ትክ ብላ አየችው። ከንፈሩ ላይ ያለውን ስብ በመዳፏ ጠረገችለትና፣ «በላህ፣ ልጄ?» አለችው።

«በላሁ፣ እማዬ።»

«ደግ አደረግህ።»

ከዚያ ወዲያ አልተናገረችም።

የጅቦ ጩኸት ቤቱን ሲያናውጠው አያ አንበሶ በሩን ከፈተ። የሆነውን ሲሰማ አንገቱን ደፋ። «ምነው ባንኳኳችሁ!» አለ። «እኔ ለመተኛት የትም ይበቃኝ ነበር።» እሜቴ ቀበሮ መሬት መሬት አየች። ጅቦ እናቱን አቅፎ እስከ መስኮቱ ወሰዳት። ፀሐይዋ ገብታ ከተማው ጠቁሮ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሬሳውን ብቻውን ተሸክሞ ሊወጣ ሲል ደረጃው ሥር ቁጭ አለ። አህያ እስከዚያ ቀን ድረስ ጅብ አጠገብ ደርሶ አያውቅም፤ ዘመዶቹ በማን ጥርስ እንዳለቁ ያውቃል። ያን ዕለት ግን መጥቶ አጠገቡ ተንበረከከ።

«እኔ ላይ ያድርጓቸው» አለ።

ጅቦ እናቱን በአህያ ጀርባ ላይ አጋደማት። ሁለቱም ጎን ለጎን በከተማዋ በር ወጡ።

ከዚህ የምንማረው፣ ሆዳችን ነገም እንደሚራብ፣ የሚጠብቀን ወላጅ ግን ነገን ላያይ እንደሚችል አውቀን የገባነውን ቃል በሰዓቱ መፈጸም እንዳለብን ነው።